እማማ ኤሲ

ሱሉልታ ላይ "የመኪናዬ ማቀዝቀዣ ተበላሸ" የሚል ሰው ይሳቅበታል። ክረምት ሲገባ ጠዋት ከቤት ስንወጣ አፋችን እንደ ጀበና የሚተንበት፣ በሹራብ ላይ ጋቢ፣ በጋቢ ላይ ካፖርት የምንደርብበት አገር ነው። ልጄ አንድ ቀን ምሳ ላይ "እማዬ፣ የመኪናዬ ኤሲ እየጮኸ ነው፣ ሳይብስበት ላሠራው" ስትለኝ እኔም ነገሩ አልገባኝም ነበር።

"እዚህ ምን ያደርግልሻል? እግዜር ራሱ ያቀዘቅዝልሽ የለም?" አልኳት።

"ማቀዝቀዝ ብቻ አይደለም ሥራው" አለችኝ። "አየሩን ያደርቀዋል። ክረምት ላይ መስታወቱ ላብ ሲያወጣ ወዲያው የሚያጠራው እሱ ነው። እሱ ከሌለ በጉም ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ መንዳቴ ነው።"

ልጄ ዐረብ አገር ብዙ ዓመት በሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ናት። ስትመለስ ሴት ልጇን ይዛ እኔ ቤት ገባች፤ መንጃ ፈቃድ አወጣች፤ በዚያች ትንሽ ነጭ መኪና የጎረቤት ልጆችን ከሱሉልታ አዲስ አበባ ትምህርት ቤት ታመላልስ ጀመር። የልጅ ልጄን ጨምሮ አራት ሆነው ከኋላ ተጨናንቀው ይቀመጣሉ። እናቶቻቸው ልጆቻቸውን ያለ ሐሳብ ነበር የሚሰጧት። ወንድ ሹፌር ሲያረፍድ፣ ሲሳደብ፣ ጫት ሲቅም ያዩ እናቶች ናቸው። "እሷ እኮ እንደ እንቁላል ነው የምትይዛቸው" ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰው ቤት አጎንብሳ ለኖረች ሴት ይህ ቃል ምን እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው። ቀና ብላ የሄደችው መሪ ከያዘች ወዲህ ነው።

መኪናውን የገዛላት ግን ወንዱ ልጄ፣ ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ገንዘቡ የእሷ፣ ሩጫው የእሱ። እሷ ገና እዚያ ሳለች ስለተገዛ ሊብሬው በእሱ ስም ወጣ። እሱ ቡራዩ ይኖራል። የራሱን መኪና የሚመስል፣ ቁርጥ መንታዋን መርጦ ገዛላት። "ዓይነቱ አንድ ከሆነ ዕቃ እንለዋወጣለን" ብሎ ነበር ያን ጊዜ። እኛም ብልህ ነው ብለን አደነቅነው።

ኤሲውን የሚያሠራው ብረት፣ ኮምፕሬሰሩ፣ ጩኸቱ በር እንደተዘጋባት ድመት ነበር። ኤሲውን ስትከፍተው ይጮኻል፣ ስትዘጋው ዝም ይላል። ፋሲካ ካለፈ በኋላ ወንድሟ መጣና "ወንድ ሳይኖር ጋራዥ ብትሄጂ ይጫወቱብሻል" ብሎ መኪናውን እሱ ዘንድ ወሰደው፤ ቡራዩ ወዳጁ የሆነ መካኒክ አለ። በማግስቱ ይዞት ሲመለስ ጩኸቱ ጠፍቷል።

"ተሠራ?" አለችው።

"ኮምፕሬሰሩ ሞቷል። አስወጣሁት። ለሞተሩ አጭር ቺንጋ አስገባንለት፣ ያለ እሱ ይሄዳል። ነዳጅም ይቆጥብልሻል።"

"ሳትነግረኝ? አሮጌውስ የት አለ?"

"ቁራሌው ወሰደው። ለአሮጌ ብረት ለቅሶ ትቀመጪ ይሆን?"

"ክረምት እየመጣ ነው እኮ!"

"ኤሲ ለአዳማ ሰው ነው፣ ለሱሉልታ ሰው ጋቢ ይበቃዋል" አለና ሳቀ። "ዐረብ አገር የለመድሽውን ቅምጥልነት እዚህ አታምጪብን።"

ቅምጥልነት አላት። የሰው ሽንት ቤት ስታጥብ ለኖረች ልጅ። ወንድሟ ሲናገር ዝም የማለት ልማድ ከልጅነቷ ነበረባት።

ሰኔ ገባ። ያኔ ነው ምን እንደጎደለ ያየሁት። ልጆቹ ገብተው በሩ ሲዘጋ መስታወቱ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ይመስላል። ከማታው በሳሙና እንቀባዋለን፣ እስከ አደባባዩ ብቻ ያደርሰናል። ማሞቂያውን ብትከፍተው ቀስ እያለ ታች ታቹን ብቻ ያጠራል፤ እሱ እስኪያደርቅ ልጆቹ መልሰው ያረጥቡታል። መስኮት ስንከፍት ዝናቡ ይገባል፣ ልጆቹ ይስላሉ፤ አንዷ እናት በራችን ድረስ መጥታ "ልጄን በብርድ ልትገድሏት ነው?" አለች። ስለዚህ እኔ ነጠላዬን ለብሼ ከፊት ወንበር መቀመጥ ጀመርኩ። ሥራዬ መጥረግ ነው። ጠዋት አብሬያቸው እወርዳለሁ፣ ስጠርግ ሄጄ ስጠርግ እመለሳለሁ።

ስም ያወጣችልኝ የልጅ ልጄ ናት። "እማማ ኤሲ! እማማ ኤሲ፣ ጨምሪው!" ብላ ከኋላ ስትጮኽ ሌሎቹም ተቀበሏት። እኔም "ጋዜ አልቋል፣ ዳቦ ካልሰጣችሁኝ አልሠራም" እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። ሲስቁ ደግሞ መስታወቱ ይብሳል። ልጄ አትስቅም ነበር፤ ዓይኗ ከመንገዱ አይነሳም።

ያን ዕለት ጉሙ ከወትሮው የወፈረ ነበር። ወደ እንጦጦ አቀበት ስንጠጋ ከፊታችን ያለው የጭነት መኪና የኋላ መብራት እንደ ክብሪት ራስ ቀልቶ ይታያል፣ ይጠፋል። ልጆቹ ፈተና ደርሶባቸው ጮክ ብለው ያጠናሉ። አራት አፍ ሲያነብ መስታወት ምን እንደሚሆን ያየው ያውቀዋል። በእኔ በኩል ያለውን በነጠላዬ ጫፍ አጠራለሁ፣ ገና እጄን ሳነሳ መልሶ ይነጣል። ወደ እሷ እንዳልዘረጋ ክንዴ ይጋርዳታል። እሷ በአንድ እጇ መሪ ይዛ በሌላው በእጅጌዋ ትጠርጋለች።

"ቀስ በይ" አልኳት።

"እማዬ፣ እየሄድኩ እኮ አይደለም፣ እየዳበስኩ ነው።"

"ወደ ዳር አውጪውና እንቁም።"

"ዳሩን ሳየው አይደል የማወጣው?"

ፈረሱ የወጣው ከዚያ ነጭነት ውስጥ ነው። ራሱን አላየሁም፤ ያየሁት ጎኑን ነው፣ እርጥብ ቡናማ ጎን፣ እንደ ግድግዳ። ልጄ ፍሬን ያዘች፣ መኪናው ተንሸራተተ፣ ግድግዳው መጣብን።

ልጆቹ ተረፉ። አንዱ ከንፈሩ ተሰነጠቀ፣ ሌሎቹ ደንግጠው ማልቀስም አቃታቸው። እኔ ወርጄ ስመለከት ባለጋሪው ቦዩ ውስጥ ወድቋል። ወተት ጭኖ ሊያስረክብ እየሄደ ነበር፤ ቢዶኖቹ ተንከባለው ወተቱ አስፋልቱ ላይ ከዝናቡ ጋር ይፈስሳል። ፈረሱ ሊነሳ ይታገላል፣ የፊት እግሩ አልታዘዝ ብሎታል። ሰውየው የራሱን የተሰበረ ክንድ ትቶ "ፈርዳ ኮ! ፈርዳ ኮ!" ይላል፤ ፈረሴን፣ ፈረሴን ማለቱ ነው። ኦሮምኛ ብዙ አላውቅም፣ ያን ቀን ግን አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። ረፋዱ ላይ ፈረሱን ገላገሉት።

ለእውነቱ ጋሪው መብራት አልነበረውም። ይህንም እናገራለሁ። ግን ያ ሰው በዚያ ጉም ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ ተመላልሷል፣ መስታወቱ የጠራለት ሹፌር ሁሉ አይቶት አልፏል።

ነገሩ በሽማግሌ ይለቅ ተባለ። ወንድሟ ከቡራዩ መጥቶ ሁሉን በእጁ ያዘ፤ ሽማግሌዎቹን አነጋገረ፣ በካሳው ተስማማ። ልጄን አንድ ቀን እንኳ "ምን ሆኖ ነው?" ብሎ አልጠየቃትም። እኔ ይህን የደግነቱ ቆጠርኩት፣ ቁስሏን ላለመነካካት ነው ብዬ።

የተቀመጥነው በአንደኛው ሽማግሌ ግቢ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ነው። ሰፈሩ ሁሉ መጥቷል። የሦስቱም ልጆች ቤተሰብ ቆሞ ይሰማል። ባለጋሪው ክንዱን ከአንገቱ ጋር አስሮ ከፊት ተቀምጧል።

ትልቁ ሽማግሌ "መኪናው ጤነኛ ነበር?" ብለው ጠየቁ።

ወንድሟ ብድግ አለ። "ጤነኛ ነው አባቶቼ። የማሠራው እኔ ራሴ ነኝ፣ ምንም አልጎደለውም። እህቴ ሴት ናት፣ ደነገጠች። ጥፋቱ የእኛ ነው፣ እንክሳለን።"

"የእኛ" ሲል እጁ ወደ እሷ ነበር የተዘረጋው።

እኔ ተነሣሁ። "ጎድሎታል! ኮምፕሬሰሩ ወጥቷል! መስታወቱን የሚያደርቀው የለም! እኔ በነጠላዬ ስጠርግ ነበር!"

"ምኑ ነው የወጣው እናታችን?"

"የኤሲው።"

"የማቀዝቀዣው?" አሉ ሽማግሌው፣ ፂማቸውን ይዘው። "እርስዎ ደግሞ፣ በሱሉልታ ብርድ?"

ሰው ሳቀ። ከኋላ አንዱ "ከዚህ በላይ ልትቀዘቅዙ ኖሯል?" አለ፣ ሳቁ ጨመረ። የልጆቹ እናቶችም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ልጄ ብቻ መሬት መሬቱን ታያለች። ወንድሟ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ "እማዬ፣ ሰው ፊት አታዋርጂኝ" አለኝ።

"እናት ለልጇ ምስክር አትሆንም" አሉ ሽማግሌው። "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። አሁን የምንፈልገው ሰላም ነው። ድንጋይ አምጡ።"

በእኛ አገር በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ በተበዳይ ፊት ያጎነብሳል፤ ተበዳዩ "ይቅር ብያለሁ፣ አውርድ" እስኪል አያወርድም። ከአጥሩ ሥር አንድ ድንጋይ አነሡና ልጄ ጫንቃ ላይ አደረጉት። ያጎነበሰችበት ጀርባ ያው ዐረብ አገር ያጎበጠችው ጀርባ ነው። ባለጋሪው የታሰረ ክንዱን እየዳበሰ ድንጋዩን ያያል። ላንሣላት ስል ያዙኝ። ወንድሟ ከጎኗ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል፣ የሠርግ ሚዜ ይመስል። በመጨረሻ "አውርጂ" አለ ሰውየው። አወረደች። ጫንቃዋ ላይ የድንጋዩ አፈር ታትሞ ነበር፣ እሱን አላራገፈችም።

ከዚያ በኋላ ማንም ክፉ አልተናገራትም። ክፉ ቢናገሯት ይሻል ነበር። አንዷ እናት "አክስቱ ጋ ሊያድር ነው" አለች፣ ሌላዋ "አባቱ ራሱ ሊያደርሰው ነው" አለች። ትምህርት ሲከፈት ሦስቱም ልጆች በሌላ ሰርቪስ ይሄዱ ጀመር። የልጅ ልጄን እኔ በታክሲ አመላልሳታለሁ። መኪናው ተጠግኖ አጥራችን ሥር ቆመ። ልጄ አንድ ጠዋት ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ "ሰበታ ፋብሪካ ሥራ አግኝቻለሁ" አለችኝ።

"መሪሽስ?"

"ምን መሪ አለኝ እማዬ? ድንጋይ የተሸከመ ሰው ልጅ አይሰጠውም።"

ሰበታ ከደቡብ ለሥራ ከመጡ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ገባች። ደግ ልጆች ናቸው፤ ማታ ማታ መዝሙር ይዘምራሉ፣ በስልክ ይሰማኛል። የእሷን ድምፅ ግን ከስልክ ውስጥ ፈልጌ ነው የማገኘው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ብርድ ልብስና በርበሬ ልወስድላት ስነሣ ልጄ፣ ወንዱ፣ "እኔ አደርስሻለሁ" አለ። ደስ አለኝ። ወንድም ነው፣ ሊጠይቃት ፈለገ ብዬ። በእሱ መኪና ሄድን። ከተማውን አልፈን የጅማን መንገድ እንደያዝን ዝናብ ወረደ። ሁለታችን ስንተነፍስ መስታወቱ ይነጣ ጀመር። እጄ ሳላዘው ነጠላዬን ያዘ። ከወንበሬ ብድግ ብዬ መጥረግ ጀመርኩ።

"ተዪው፣ ቁጭ በይ" አለኝና አንድ ቁልፍ ተጫነ።

ቀዝቃዛ ነፋስ ወጣ። መስታወቱ ከታች ወደ ላይ፣ መጋረጃ እንደሚሰበሰብ፣ ጠራ። መንገዱ ወለል ብሎ ታየ፤ የፋብሪካው አጥር፣ ላስቲክ የለበሱት ሰዎች፣ የሚኒባሱ ረዳት በር ላይ ተንጠልጥሎ። ነጠላዬን ይዤ ቀረሁ።

"ይሄ ከየት መጣ?" አልኩት።

"ምኑ?"

"ያንተ ኤሲ ከሞተ ቆይቷል። በጾሙ ጊዜ አዳማ ስትመላለስ በሙቀት ነደድን እያልክ ስታማርር አልነበር?"

"አሠራሁት።"

"በምን አሠራኸው?"

የመስታወት መጥረጊያው ብቻ ወዲያና ወዲህ ይላል።

"የእህትህ ነው?"

"ዕቃ እንለዋወጣለን ተባብለን አልነበር?" አለ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ።

"ምን ለወጥካት? ወሰድክ እንጂ፣ ምን ሰጠሃት?"

"እማዬ፣ እኔ ቆላ እወርዳለሁ፣ ልጆቼ ኋላ ተቀምጠው ያልባቸዋል። እሷ ብርድ አገር ነው ያለችው። እንዲህ ይሆናል ብዬ አሰብኩ?"

"አላሰብክም እሺ። ሽማግሌው ጤነኛ ነው ወይ ብለው ሲጠይቁህስ?"

"ሊብሬው በእኔ ስም ነው። ቢታወቅ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ስም አለኝ፣ እድር ላይ ሰው ያውቀኛል። እሷ ድንጋይ ተሸከመች፣ አለቀ።"

አለቀ አለኝ። ሰበታ ልንገባ ነው፣ ልጄ እዚያ ዝናብ ውስጥ ቆማ ትጠብቀናለች፣ እሱ አለቀ ይለኛል።

"አዙረው" አልኩት። "ቡራዩ፣ ጋራዡ ጋ።"

"እየጠበቀችን እኮ ነው!"

"ታዲያ ስትጠብቀን አይደል የኖረችው? አዙረው፣ አለዚያ እዚሁ ወርጄ ለሽማግሌዎቹ እደውላለሁ።"

አዞረ። ለእሷ ደውዬ "ዛሬ አልመጣም፣ ምክንያቱን ትሰሚያለሽ" አልኳት። "እሺ እማዬ" ብላ ዘጋች። ለምን ብላ አለመጠየቋ ነው አንጀቴን የበላው።

መካኒኩ ኮፈን ሥር ሆኖ አገኘነው። "እንዴት ኖት ማዘር?" አለኝ ፈገግ ብሎ።

"ከሴት ልጄ መኪና የፈታኸው ኮምፕሬሰር ሞቶ ነበር?"

"ኧረ ምን በወጣው! ኩሽኔታው ነበር የሚጮኸው። እሱን ቀየርኩና ለእርሳቸው ገጠምኩላቸው፤ ነክሶ የሞተው የእርሳቸው ነበር።" ልጄን አየው፣ ቀጥሎ እኔን አየኝ። "ምነው፣ አታውቁም ነበር እንዴ?"

"ፍታው።"

"አሁን? ጋዙ መውጣት አለበት፣ ደግሞ ዝናቡ…"

"ፍታው አልኩህ።"

ልጄ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀለት። መካኒኩ እየሠራ፣ እኔ የመኪና ጎማ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ሲወጣ አየሁት፤ ዘይት የጠገበ፣ በአንድ እጅ የማይያዝ ብረት። የማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከተተልኝ።

"እንግዲህ ከሰጠሁሽ ይበቃል አይደል?" አለኝ ልጄ። "ዝም ትያለሽ?"

"አልልም" አልኩት።

በማግስቱ ከረጢቱን ይዤ ባለጋሪው ዘንድ ሄድኩ። ቤቱ ከሱሉልታ ወደ ጫንጮ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ኦቦ እለዋለሁ፣ እሱም አንቱ ይለኛል። በካሳው ሌላ ፈረስ ገዝቷል፤ መኪና ሲሰማ የሚደነብር፣ ለጋሪ ገና ያልገራ ነው። ክንዱ ድኗል ይላል፣ ግን ወንበሩን ያቀረበልኝ በግራው ነው።

ብረቱን አውጥቼ መሬት ላይ አደረግኩና ያየሁትን አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። በእግሩ ገልበጥ አድርጎ አየው።

"ይቺ ናት መስታወቱን የምታጠራው?"

"እሷ ናት።"

"እኔ ታዲያ ከማን ጋር ነው የታረቅኩት?" አለ። ከዚያ ብረቱን መልሶ ገለበጠና "ያቺ ልጅ ስታጎነብስ ቶሎ አውርጂ ያላልኳት አውቄ ነው። ይክበዳት ብዬ ነው። ዹጋውን፣ እውነቱን፣ ማን ነገረኝ?" አለ።

አብረን ወደ ሽማግሌዎቹ ሄድን፤ አልወደዱትም። "እርቅ አይፈርስም፣ ነውር ነው" አሉ።

ባለጋሪው እንዲህ መለሰላቸው፤ "ከልጅቱ ጋር ታርቄያለሁ፣ አላፈርስም። ከወንድሟ ጋር ግን ገና አልተጣላሁም። መጀመሪያ ልጣላና ከዚያ አስታርቁኝ።"

ሳቁና ተቀመጡ። ሳቅ ነው ያስቀመጣቸው፤ የእኔ እንባ አላስቀመጣቸውም ነበር።

ወንዱ ልጄ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ቀኑ የሥራ ቀን ነው፣ ሰው የለም። የልጆቹ ቤተሰብ አልተጠራም። ግቢው ውስጥ ሽማግሌዎቹ፣ ባለጋሪው፣ እኔና እሱ ብቻ። ትልቁ ሽማግሌ ከአጥሩ ሥር ድንጋይ መረጡ፤ ብርቱካን የምታክል አነሡ። ለሴት ልጄ ያነሡትን አውቀዋለሁ፣ እዚያው ሥር ተቀምጧል።

"ይሄ ነው?" አልኳቸው።

"የተከበረ ሰው ነው፣ ማፈሩ ራሱ ይበቃዋል" አሉኝ።

"ድንጋዩን ተዉት" አለ ባለጋሪው። ከረጢቱን ፈትቶ ብረቱን አወጣ። "ይሄን ይሸከም። የወሰደው ይሄን አይደል?"

ልጄ ጎንበስ አለ፣ ኮምፕሬሰሩን ጫንቃው ላይ አደረጉት። በውስጡ የቀረ ዘይት ነበር። በአንገቱ አድርጎ በነጩ ኮሌታ ላይ፣ ከዚያ በጀርባው ወረደ፣ ጥቁር። "በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ" አለ፣ ድምፁ የሕፃንነቱ ድምፅ ነበር።

ይህን ቀን ስጠብቀው ነበር። ሲደርስ ልቤ የሚያርፍ መስሎኝ ነበር። አላረፈም። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይላሉ፤ ያም ያጎነበሰው ጀርባ እኔ አዝዬ ያሳደግኩት ነው።

"አውርድ" አለ ባለጋሪው። ቶሎ ነው ያለው። ለሴት ልጄ ያን ያህል ቶሎ አላለም።

ትልቁ ሽማግሌ መረቁና "እንግዲህ ነገሩ እዚሁ ይቅር፣ ለቤተሰቡ ክብር" አሉ።

"ሴት ልጄ ስትሸከም ለምን እዚሁ ይቅር አላላችሁም?" አልኳቸው። "ያን ጊዜ ሰፈሩን ጠርታችሁ ነበር።"

ሽማግሌው ከዘራቸውን አነሡ። "እናታችን፣ ያገኙትን አመስግነው ይያዙ" አሉኝና ወጡ።

ኮምፕሬሰሩን መካኒኩ ራሱ ሱሉልታ መጥቶ መኪናችን ላይ መለሰው፣ ረጅሙን ቺንጋ አስገባ፣ ጋዝ ሞላው። ሞተሩን አስነሥቶ፣ እኔንና የልጅ ልጄን ውስጥ አስገብቶ በሩን ዘጋብን። "ተንፍሱ" አለን። ተነፈስን፣ መስታወቱ ነጣ። ቁልፉን ሲጫን ጠራ። የልጅ ልጄ "እማማ ኤሲ፣ ሥራሽን ቀሙሽ!" አለችኝ። ከፊታችን የሚታየው አጥራችን ነበር።

ማታ ለሴት ልጄ ደወልኩ። ሁሉን ነገርኳት፤ ብረቱን፣ ዘይቱን፣ ነጩን ሸሚዝ። እስክጨርስ ሰማችኝ።

"ማን ነበር እዚያ?" አለችኝ።

"ሽማግሌዎቹ። ባለጋሪው።"

"የልጆቹ እናቶችስ?"

"አልተጠሩም።"

"እኔ ስሸከም እኮ ሁሉም ነበሩ እማዬ" አለች። አልተቆጣችም። ከኋላዋ አብረዋት የሚኖሩት ይዘምራሉ። "ነገ ጠዋት ፈረቃ ገቢ ነኝ፣ ልተኛ። ልጄን ሳሚልኝ።"

"መኪናሽ ተሠርቷል እኮ፣ ነይ።"

"ማንን ልጭን?" አለችኝ።

የዚህን መልስ ከየደጁ ልለቅም ተነሣሁ። እናቶቹን በዳቦ ሰልፍ፣ በለቅሶ ቤት፣ በቧንቧው ባገኘኋቸው ቁጥር እነግራቸዋለሁ። ሽማግሌዎቹ እዚሁ ይቅር ያሉትን፣ የወንድሟን ስም ጠርቼ፣ እሱም ልጄ ነው ብዬ እነግራቸዋለሁ። አንዷ፣ ያቺ "እንደ እንቁላል ነው የምትይዛቸው" ስትል የነበረችው፣ ትከሻዬን ዳብሳ "እማማ፣ ያለፈ ነገር ነው፣ ለምን ራስዎን ይጎዳሉ?" አለችኝ። ልጇን አዲሱ ሰርቪስ ሊወስደው ቆሞ ነበር። ሹፌሩ በቆሻሻ ጨርቅ መስታወቱን ይጠርጋል፤ ጨርቁ ሲያልፍ ይጠራል፣ ወዲያው ይነጣል።

"የዚህ መኪና ኤሲ ይሠራል?" አልኩት ሹፌሩን።

ሳቀብኝ። "በሱሉልታ ብርድ ማዘር?"

ወደ እናትየው ዞርኩ። "ሰማሽ?" አልኳት። ልጇን አስገባችና በሩን ዘጋችበት።

ወንዱ ልጄ ባለፈው "መኪናው ቆሞ ከሚበሰብስ እንሽጠው" ብሎ መጥቶ ነበር። ሊብሬው በእሱ ስም ስለሆነ መሸጥ ይችላል። ቁልፉ ግን አንገቴ ላይ፣ ከማተቤ ጋር ታስሯል። አየው፣ አልጠየቀኝም። ሰበታ ያለችው መጥታ እስክትፈታው ከዚያ አይወርድም።